ተኚ ሲሏት የምትተኛ መጋዝ

«ጋሽ ታረቀኝ አረፉ» አለችኝ እማዬ።

ከትምህርት ቤት ልትወስደኝ መጥታ ገና ከፓርኪንጉ መውጣታችን ነበር። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? አጨበጨብኩ።

«የስ! በመጨረሻ!» አልኩ። «እትዬ ወይንሸት እንዴት ደስ ብሏቸው ይሆን!»

እማዬ ፍሬቻ አሳይታ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ፊት ለፊት ፓርክ አደረገችና ዞራ አየችኝ።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«አረፉ አላልሽም እንዴ? ዛፍ መቁረጥ አቆሙ አይደል?»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። እማዬ ከባድ ነገር በእንግሊዝኛ ነግራኝ አታውቅም፤ እንግሊዝኛ ለሺፍት፣ ለባንክና ለአስተማሪዎቼ ነው። ስለዚህ ከወሬው በፊት ቋንቋው አስደነገጠኝ። እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ። አሁን ያጨበጨቡ እጆች ናቸው።

አማርኛ ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው። አሁን ጎበዝ ሆኛለሁ፤ መምህራችንም ብለውታል። መጀመሪያ ሦስት መስመር ለመጻፍ ላብ ያጠምቀኝ ነበር፣ ዛሬ ግን ብዕሩን ከያዝኩ የሚያስቆመኝ የለም። ሰው ሲሞት «አረፈ» እንደሚባል ግን ማንም አልነገረኝም። ለእኔ ማረፍ ማለት ጫማ አውልቆ፣ እግር ሶፋ ላይ ሰቅሎ፣ ቀዝቃዛ ነገር መጠጣት ነው። ጋሽ ታረቀኝን ደግሞ ይህን እንዲያደርጉ ሚስታቸው፣ እናቴ፣ ሐኪሙ፣ መጋዝ ሻጩ ሳይቀር ሲለምኗቸው ነው የከረሙት። እኔም ከለማኞቹ አንዷ ነበርኩ። ታዲያ አረፉ ሲሉኝ ለምን አላጨበጭብ?

ጋሽ ታረቀኝ ቬጋስ አጠገብ፣ ሄንደርሰን ውስጥ ከእኛ ቤት ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ነበር የሚኖሩት። በዲቪ የመጡ ናቸው። እንደ ብዙው ሰው መጀመሪያ ካዚኖ ገቡ፤ «ቀኑና ሌሊቱ የማይለይበት ቤት ውስጥ ሰው ምን ብሎ ደህና አደርክ ይላል?» ብለው ወጡና ዛፍ መቁረጥ ጀመሩ። ቬጋስ በረሃ ነው፣ ዛፍ ከየት ይመጣል የሚል ካለ አንድ ቀን በእኛ መንገድ ይለፍ። እዚህ ያለው ዛፍ ሁሉ ሰው የተከለው ስለሆነ ሁሉም ሰው ይፈልጋል። ዘንባባው በየዓመቱ የደረቀ ቅጠሉ ካልተነሳለት እላዩ ላይ ተደራርቦ ረጅም ቡናማ ቀሚስ ይሆናል። መልበሪ የሚሉት ሰፊ ዛፍ ደግሞ ካልተገረዘ በንፋስ ቀን ቅርንጫፉን ሰው መኪና ላይ ያስተኛል። ጋሽ ታረቀኝ ያንን ሁሉ ሲቆርጡ ኖሩ። ቁመታቸው አጭር ነው፣ አንገታቸው ላይ እርጥብ ፎጣ አይጠፋም፣ የጆሯቸው ፀጉር ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ የእንጨት ብናኝ አለ። ቅዳሴ ላይ ሳይቀር።

የሆሳዕና ዘንባባ የሚያመጡልን እሳቸው ነበሩ። ሌሎች ልጆች ዘንባባ ከሰማይ የሚወርድ ይመስላቸው ነበር፤ እኔ ግን ከጋሽ ታረቀኝ ነጭ ፒክአፕ እንደሚወርድ አውቃለሁ። መሀሉን፣ ገና ያልተገለጠውን ለስላሳ ቅጠል ነው የሚያመጡት። «ለቀለበት የሚሆነው ይሄ ነው፤ ያኛው ጣት ይቆርጣል» ይላሉ። ከዚያ ከበሩ አጠገብ ቆመው የእያንዳንዱን ልጅ ቀለበት ይመረምራሉ።

ሁለት ነገራቸውን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

አንደኛው፣ «አዎ» አይሉም። በ«አዎ» ፈንታ አየር ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ፤ አጭርና ስል፣ ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ የተደፋበት ሰው እንደሚያደርገው። ብዙ ሐበሻ እንዲህ ያደርጋል፣ እማዬም ስልክ ላይ ታደርገዋለች፣ የእሳቸው ግን ከአጥር ወዲህ ይሰማል። ትንሽ ልጅ ሆኜ የታነቁ መስሎኝ እየሮጥኩ ውኃ አመጣላቸው ነበር። «እቺ ልጅ አዎ ባልኩ ቁጥር ውኃ ታጠጣኛለች፣ አንድ ቀን ታሰጥመኛለች» ብለው ለእማዬ ይከሱኛል። ይጠጡታል ግን።

ሁለተኛው፣ እኔን በስሜ፣ ሶልያና ብለው፣ ጠርተውኝ አያውቁም። እንግሊዝኛቸው ለዛፍ የሚበቃ ነው፤ ለባንክ፣ ለስልክና ለሱቅ ግን እኔን ይዘው ይሄዳሉ። ስለዚህ «አፈ ንጉሥ» አሉኝ። ድሮ ንጉሡ ራሱ አይናገርም፣ የሚናገርለት ሰው አለ፣ እሱ ነው አፈ ንጉሥ።

«ንጉሡስ ማን ናቸው?» አልኳቸው።

«እኔ ነኛ!»

«ዘውድዎ የታለ?»

የሥራ ቆባቸውን፣ ያንን ቢጫ የፕላስቲክ ሄልሜት፣ አንኳኩ። «ይኸው። ዘንባባ ቢወድቅበት የማይሰበር ዘውድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ባለፈው ሰመር መግቢያ ላይ አሮጌዋ የሞተር መጋዛቸው ከዳቻቸው። ጋሽ ታረቀኝ መጋዝን «እሷ» ነው የሚሉት፣ እኔም ከእሳቸው ለመድኩ። መልበሪ ላይ ወጥተው አንዱን ቅርንጫፍ ቆርጠው አጠፏት፤ ወደ ሌላኛው ተሻግረው የማስነሻ ገመዷን ቢስቡ፣ ቢስቡ፣ እምቢ። ሞቃለች። መውጫ ገመዳቸው ላይ ተንጠልጥለው ሲስቡ ቆይተው ወረዱ። ማታ እማዬ ምግብ አስይዛኝ ስሄድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ግራ እጃቸውን በቀኝ እጃቸው ያሻሉ። ጣቶቻቸው ነጭ ሆነዋል።

ሚስታቸው እትዬ ወይንሸት ቀጭን፣ ፈጣን ሴትዮ ናቸው፤ ቁጣቸውም ፍቅራቸውም አንድ ድምፅ ነው።

«መጋዟ እንኳን ደከማት» አሉ። «አንተ መቼ ነው የምታርፈው?»

«የምትታመን መጋዝ ላግኝና አርፋለሁ።»

«መጋዝ አግኝቶ የሚያርፍ ሰው አይቼ አላውቅም። መጋዝ ያገኘ ሰው ይቆርጣል!»

«አልገባሽም። የሚያደክመኝ እኮ ዛፉ አይደለም፤ የማትነሳ መጋዝ ስስብ መዋሌ ነው። እጄን ያደነዘዘችውም እሷ ናት። የፊተኛውን መያዣ የሚይዘው ግራ እጅ ነው፣ መንቀጥቀጧ በሙሉ በሱ በኩል ነው የሚገባው።» ወደ እኔ ዞሩ። «አፈ ንጉሥ፣ ታማኝ መጋዝ ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ተነሺ ሲሏት የምትነሳ፣ ተኚ ሲሏት የምትተኛ ናት። በቃ።»

«አንተስ?» አሉ እትዬ ወይንሸት። «ተኛ ሲሉህ መች ትተኛለህ?»

ጋሽ ታረቀኝ ሳቁ። እትዬ ወይንሸት አልሳቁም።

በዚያ ሳምንት መጋዝ ፍለጋ ጀመርን። ኢንተርኔት ላይ ሰዎች የጻፉትን አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። «ግሩም ናት፣ አምስት ኮከብ» ስላቸው «ስንት ጊዜ ቆረጠባት?» ይላሉ። «አንድ ጊዜ፣ የገና ዛፍ» ስላቸው «ሂጂ ወደ ሌላው።» የእሳቸው ጥያቄ ሌላ ነበር። በየቀኑ የምትሠራ መሆን አለባት። የዘንባባ ጭረት ሰንሰለቷ ሥር ሲገባ የማትታነቅ። ክንድ የማትገድል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሞቃ ሳለች የምትነሳ።

የመጋዝ ሱቁ ከዋተር ስትሪት ብዙ አይርቅም። ባለቤቱ ሬይ የሚባል ነጭ ጢም ያለው ሰው ነው፤ መጀመሪያ ያሳየን በባትሪ የምትሠራውን ነው። ቀላል ናት፣ ጭስ የላትም፣ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ነው የምትጮኸው።

«ሙቀት ሲበዛባት ምን ትሆናለች በይው» አሉኝ።

ሬይ እውነቱን ተናገረ፤ ባትሪው በጣም ሲሞቅ እስኪቀዘቅዝ ራሷን ታጠፋለች።

«ታዲያ ቬጋስ ምን ልትሠራ መጣች?» አሉ ጋሽ ታረቀኝ።

ማታ ይህን ለእትዬ ወይንሸት ስነግራቸው ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። «ሙቀት ሲበዛባት ታርፋለች ነው የምትይኝ? እሷን ይግዛ! አስተማሪ ትሆነዋለች!»

አልገዙም። በነዳጅ ከሚሠሩት መሀል አንዷን አስወረዱ።

«ትራገጣለች ወይ በይው።»

«መራገጥ ምንድነው?»

«በቅሎ ከኋላዋ ስትቀርቢ የምታደርገው።»

«በቅሎ ትመስላለች ወይ ነው የምለው?»

እንደምንም ነገርኩት። ሬይ ሳቀ፤ የሁሉም መጋዝ ጫፍ እንጨት ከነካ ወደ ሰውየው እንደሚመለስ፣ እቺኛዋ ግን ሰንሰለቷን ወዲያው የሚያቆም ፍሬን እንዳላት አሳየን። ከዚያ በአንድ ስበት አስነሳትና እጁን ዘረጋ፤ እይ፣ ይኸው እንደማለት።

ጋሽ ታረቀኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኤሲ ውስጥማ እኔም እነሳለሁ። ፀሐይ ላይ ያውጣት።»

በእግዚአብሔር፣ የሬይን ፊት ብታዩት! እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም። መጋዟን ውጭ አውጥተን አንድ ግንድ ቆረጡባት፣ አጠፏት፣ ከዚያ የፒክአፑ ኋላ ላይ፣ የጁላይ ፀሐይ ሥር አስተኟት። እኛ ጥላ ውስጥ ቆመን ውኃ እንጠጣለን፤ ሬይ ሰዓቱን ያያል። ስትነካ የምታቃጥል ስትሆን ሬይ ራሱ ሳባት። እምቢ። ደግሞ ሳባት። እምቢ። ጢሙ ሥር ቀላ። «ንገሪው፣ ልክ ነው» አለኝ። ጋሽ ታረቀኝ ግን አልኮሩበትም። ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አንተ ምን ታደርግ» አሉት በአማርኛ፤ ይህን አልተረጎምኩለትም፣ የገባው ይመስለኛል።

ሁለተኛዋ ተነሳች፣ ግን መንቀጥቀጧ የእጅ ሰዓታቸውን ፈታባቸው። ሦስተኛዋን ሬይ አዞ አስመጣት። መያዣዎቿ በስፕሪንግ የተለዩ ናቸው፣ መንቀጥቀጡ ክንድ እንዳይደርስ። ፀሐይ ላይ አስተኝተናት ስትግል «አንቺ ሳቢያት» አሉኝ።

«እኔ?»

«ለደካማ ሰውም የምትነሳ መሆኗን ልይ።»

ተቀየምኩ። አሁን ሳስበው ግን ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ነበር።

«ቾኩን አትንኪ» አሉኝ፣ አየር የሚዘጋባትን ማንሻ እያሳዩኝ። «ሞቃ ሳለች ቾክ ካደረግሻት አነቅሻት ማለት ነው። ነዳጅ ያሰጥማታል። አትነቂያት፤ ጋዝ መስጫውን ያዢና ዝም ብለሽ ሳቢ።»

በሁለተኛው ተነሳች። እኔ አስነሳኋት! ጮኽኩ፣ ሬይ ጮኸ፣ ጋሽ ታረቀኝ ቆባቸውን አወለቁላት።

በዚያ ቀን ደስታቸው ልክ አልነበረውም። እኔንና ሄኖክን ቻይናታውን ወስደው ሾርባ ጋበዙን። ሄኖክ አብሯቸው የሚሠራ ሰው ነው፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ከፍ ያለ ዛፍ ላይ የሚወጣላቸው እሱ ነው። «አሁን እንግዲህ አርፋለሁ» እያሉ ያወራሉ፤ በግራ እጃቸው ሳህኑን ያዝ አድርገው በቀኛቸው ሊበሉ ሲሉ ሳህኑ ከእጃቸው አመለጠና ሾርባው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ጣቶቻቸውን ትክ ብለው አዩዋቸው፣ የሌላ ሰው ጣቶች የሆኑ ይመስል። ከዚያ ሳህኑን አንስተው ከሥሩ መረመሩት።

«ይቺም ታንቀጠቅጣለች» አሉ።

ሄኖክ በሳቅ ሞተ። እኔም ሳቅኩ። አስቂኝ ነበር እኮ።

ብዙም ሳይቆዩ አዲሲቷን መጋዝ ይዘው ወደ ሬይ ተመለሱ። «እቺም እጄን ታደነዝዘዋለች በይው። ድንዛዜው እስከ ክርኔ መጣ፤ አንዳንዴ ትከሻዬ ድረስ።» ሬይ ወሰዳት፣ አስነሳት፣ ቆረጠባት፣ መያዣዎቿን ፈታ አድርጎ አየ። ለእኔም ሰጠኝ። እጄ ውስጥ እንደ ድመት ነበረች።

አጠፋትና ባንኮኒው ላይ አስቀመጣት። ጋሽ ታረቀኝን አላያቸውም፣ እኔን ነው ያየኝ።

«መጋዟ ምንም የላትም» አለኝ። «ሳይቆርጥም ይደነዝዘው እንደሆነ ጠይቂው።»

በእንግሊዝኛ ቀላል ነው። ችግሩ መጋዟ ሳትሆን አንተ ነህ ለማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። በአማርኛ፣ ለጋሽ ታረቀኝ፣ በእርስዎ፣ ይህ ነገር በየት በኩል ይገባል? ሁለቱም ይጠብቁኛል። መጨረሻ ላይ የወጣልኝ ይህ ነው፦

«ጋሽ ታረቀኝ፣ ሬይ መጋዟ ደህና ናት ይላል። እና... እርስዎስ ደህና ነዎት ወይ ይላል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ወዲያው። መንገድ ላይ እንዳገኙት ሰው።

ሬይ ጠበቀ። እኔም እንደገና ጀመርኩ። «ማለቴ... እጅዎ ሳይቆርጡም ይደነዝዛል? ቤት ተቀምጠውም?»

ጋሽ ታረቀኝ መጋዟን አዩ። ከዚያ ያቺ ትንፋሽ፣ አጭርና ስል፣ ወደ ውስጥ።

«ምን አለ?» አለኝ ሬይ።

«አዎ አሉ።»

«መቼ? አፉን እንኳን አልከፈተም።»

«አሉ» አልኩት። በሕይወቴ ስሰማው የኖርኩት አዎ ነው፤ ውኃ ላመጣላቸው የፈለግኩት ግን እንደገና ያን ጊዜ ነው።

ሬይ ሐኪም እንዲያያቸው፣ ዛሬ ነገ እንዳይሉ አጥብቆ ነገረኝ፤ እኔም አንዲት ቃል ሳልቀንስ ነገርኳቸው። «እሺ» አሉ። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን «አፈ ንጉሥ፣ ሰውየው መጋዟን መልሶ መቀበል ስላልፈለገ እኮ ነው» አሉኝ። ቀልድ ለማድረግ ነበር። አላማረባቸውም።

ያን ቀን ማታ ሁሉንም ለእማዬ ነገርኳት። ነጠላዋን ሳታስተካክል ቀጥ ብላ እትዬ ወይንሸት ጋ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ የነበረውን ጭቅጭቅ ሁለት አጥር አሻግሬ ሰምቻለሁ። ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ሐኪሙ ልብዎን በደንብ የሚያይ ምርመራ ያስፈልጋል አለ፣ ቀጠሮው ለሚቀጥለው ወር ሆነ፣ እስከዚያ እረፉ አላቸው።

«እሺ አልኩት» አሉን ጋሽ ታረቀኝ።

እሺ ማለት እስማማለሁ ማለት ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ጋ እሺ ማለት ሰምቻለሁ ማለት ነው። በማግሥቱ ጠዋት የትምህርት ቤት አውቶብስ ስጠብቅ ነጩ ፒክአፕ አለፈኝ። መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ፓልሙ ይለቅና አርፋለሁ!» ብለው ጮኹ። በፊት መጋዝ ላግኝና ነበር። አሁን ፓልሙ፣ ዘንባባው፣ ሆነ። እጄን አወዛወዝኩላቸው እንጂ ምን እላለሁ?

ያን ቀን የሆነውን የነገረኝ ሄኖክ ነው፣ ለቅሶው ቤት ጋራዥ ውስጥ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ጎንበስ ብሎ።

«ጠዋት ክንዴ ደነዘዘ አሉኝ» አለ። «መጋዟ ናት አልኳቸው። ሁልጊዜ የምንለው እሱን አይደል? ከዚያ እኔ ዘንባባው ላይ ነበርኩ፣ እሳቸው መኪና ውስጥ ኤሲ ከፍተው ጋደም አሉ። ከላይ አየኋቸው። ቆባቸውን ፊታቸው ላይ አድርገዋል። ሶሊ፣ እሳቸው በሥራ ሰዓት ጋደም ብለው አይቼ አላውቅም። አርፈዋል አልኩ። ደስ አለኝ እኮ! እንዳልረብሻቸው መጋዟን አጥፍቼ የቀረውን በእጅ መጋዝ ጨረስኩ። ያን ሁሉ ዘንባባ በእጅ መጋዝ!»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። ለቅሶ ቤት የሚባለውን ሁሉ ገና አልተማርኩም። ስለዚህ ያለኝን ነገርኩት።

«እኔ ደግሞ እማዬ አረፉ ስትለኝ አጨበጨብኩ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ ጠጋ አደረገ፤ ሁለታችንም እዚያው ተቀመጥን።

ሙቀቱ የሚያስቀምጥ አልነበረም፣ የሚመጣውም ሰው ጋራዡን ሞላው። ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ድንኳን ሊተክሉ ተነሱ። ድንኳኑ ግን አልቆም አለ፤ የግቢያቸው መልበሪ ቅርንጫፍ ዝቅ ብሎ ጣሪያውን ይገፋዋል። ጋሽ ታረቀኝ የከተማውን ዛፍ ሁሉ ሲገርዙ የራሳቸውን ግቢ ዛፍ ነክተውት አያውቁም። እትዬ ወይንሸት ስንት ዓመት ጨቅጭቀዋቸዋል። «የልብስ ሰፊ ልብስ ቀዳዳ ነው፣ ይለፈኝ» ይሏቸው ነበር ባላቸው።

አንድ ወፍራም ሰውዬ ከፒክአፑ ኋላ መጋዟን አመጣት። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ነበረች። መሬት ላይ አደረጋት፣ ቾኩን ሳበ፣ ገመዱን ሳበ። እምቢ። ደግሞ ሳበ። ሌላ ሰው ተቀበለው። «አዲስ አይደለችም እንዴ?» ይላል አንዱ። «የዛሬ ዕቃ እኮ አይታመንም» ይላል ሌላው።

ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ለቅሶ ነው። ሦስተኛው ሰው ቾኩን እንደገና ሲስብ ግን አልቻልኩም።

«አትነቋት!» አልኩ።

ግቢው ሁሉ ዞረ።

«ሞቃለች፣ ቾክ አትፈልግም። ነዳጅ አስጥሟታል። ይቅርታ... አንዴ ልያዛት?»

ሄኖክ «ስጧት» አለ።

ቾኩን መለስኩ። ጫማዬን የኋላ መያዣዋ ላይ አደረግኩ፣ እንዳሳዩኝ፤ ጋዙን ይዤ ሳብኩ። ሳብኩ። ሳብኩ። እጄ ዛለ። «ተነሺ» አልኳት በሆዴ። ትንሽ አሳላት፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ተነሳች። ድምፅዋ ግቢውን ሞላው፣ አጥሩን ዘለለ፣ ቤት ገባ።

ሄኖክ ተቀብሎኝ ቅርንጫፉን ቆረጠው። ብዙ ጊዜ አልወሰደም። ወደ መሬት ሲመልሳት ገና አልጠፋችም፣ ቀስ እያለች ታጉረመርማለች፤ እኔ ቅጠሉን ልጎትት ጎንበስ ስል ሰዎቹ ሁሉ ወደ በሩ ሲዞሩ አየሁ።

እትዬ ወይንሸት በሩ ላይ ቆመዋል። ጥቁር ለብሰዋል፣ እግራቸው ባዶ ነው፣ ጫማ ሳያደርጉ ነው የወጡት። የመጋዝ ድምፅ ከሩቅ እየሰሙ ስንት ዓመት ኖረዋል፤ ድምፅዋ ካለ ባላቸው ደህና ናቸው ማለት ነበር። ማንንም አላዩም። ዛፉ ሥር አዩ፣ ቅርንጫፎቹ መሀል አዩ፣ ፒክአፑን አዩ። ከዚያ መጋዟን።

«ጨረሳችሁ?» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ» አለ ሄኖክ።

ወደ እኔ ዞሩ። ስሜን ያውቁታል፣ ሁልጊዜ ሶልያና ነው የሚሉኝ። ያን ቀን ግን ጋሽ ታረቀኝ ባወጡልኝ ስም ጠሩኝ።

«አፈ ንጉሥ» አሉኝ፣ «አጥፊያት። እሷ እንኳን ትረፍ።»

ቁልፏን ተጫንኩ። ወዲያው ተኛች።